የተወተፉት ዘጠኝ ቀዳዳዎች

ሰው ቸኩሎ የሰቀለውን ነገር ሰው እያየው ማውረድ እንዴት እንደሚከብድ የሰቀለ ያውቀዋል።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ጋሼ መብራት ከሲኒማ ቤቱ በር በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የፊልም ርዕስ ይሰካል። የመሰላሉ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ገብቶለታል። ሁለት ፊደል በጥርሱ ነክሷል፤ አንድ በብብቱ ይዟል። ይሰካል፣ ይወርዳል፣ መንገዱን ተሻግሮ ያያል፣ ጠማማ ይመስለዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። ይህ አራተኛ ጊዜው ነው። ፊደሉ ጠማማ አልነበረም፤ አንድ ቦታ አልረጋ ያለው የሰውየው እግር ነው።

ጋሼ መብራት የክርስትና ስሙ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊልም በጀመረ ቁጥር "መብራት!" ብሎ ስለሚጮህ ሰፈሩ ያወጣለት ነው። የሚጮኸው አጥፉ ለማለት መሆኑን የሚያስታውስ የለም። በሽታው ከተማውን ከያዘ ወዲህ ግን ሰባት ወር ሙሉ የሚጠፋም የሚበራም መብራት አልነበረውም። በየቀኑ ባዶ አዳራሹን ከስክሪኑ እስከ በሩ እየተመላለሰ ሲለካ ነው የከረመው። እግር የረሳው ቤት መጋዘን ይሆናል ብሎ ይፈራል፤ በዚህች ከተማ ሁለት ሲኒማ ቤቶች የሲሚንቶ ማከማቻ ሲሆኑ በዓይኑ አይቷል።

ታዲያ ክልከላው ላላ ባለ ማግስት የፊልም አከፋፋዩ ደወለለት። "ዓለም በሙሉ ሲጠብቀው የከረመው ፊልም ቅዳሜ ይወጣል። ትከፍታለህ ወይስ ለአውቶቡስ ተራው አዳራሽ ልስጠው?" ጋሼ መብራት "እከፍታለሁ" ያለው ሰውየው ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው።

"ጋሼ! ከዚያ ላይ ቢወድቁ ፋሻውን የማስረው እኮ እኔ ነኝ!"

ድንገት ዞር ሲል አንዱ ፊደል ከአፉ ወደቀ። የሟች ወንድሙ ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። ትንፋሽ ያጠራቸው በሚተኙበት ክፍል አድራ ወደ ቤቷ ስትሄድ በአጋጣሚ በዚያ በኩል ማለፏ ነው። የማስኩ ላስቲክ ያሰመረው መስመር ጉንጯ ላይ ገና አልጠፋም።

"አንቺ ልጅ! በሕይወት አለሽ?" ብሎ ክንዱን ዘርግቶ ወረደ።

"እዚያው ይቁሙልኝ ጋሼ። ከሥራ ነው የምወጣው።"

"የወንድሜ ልጅ ሸሸችኝ!"

"የምሸሸው ስለምወድዎ ነው።"

"ዘንድሮ ፍቅር በሜትር ሆነ በይኛ።"

"አዎን፤ ሁለት ሜትር ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታነብ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ።

"ቅዳሜ ይላል?"

"ቅዳሜ! አራት ጊዜ ይታያል፤ እሑድም አራት ጊዜ። ቅር ያለሽ ትመስያለሽ።"

"ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልበልዎት?"

"እስኪ በይ። አባትሽም ባይቆጡኝ ብሎ ከጀመረ ነገር ነበረው።"

"ባይከፍቱት ደስ ይለኛል።"

ጋሼ መብራት የወደቀውን ፊደል ጎንበስ ብሎ አነሣና በእጅጌው ጠረገው። አልጠራ ብሎት አይደለም፤ ቁጣውን ለማብረድ ነው።

"ስሚኝ ልጄ" አለ። "እኔ ሕገ ወጥ አይደለሁም። በግማሽ ሰው ክፈቱ ተብሏል፤ በግማሽ እከፍታለሁ። ወንበሩን በክሎሪን አጥቤያለሁ። በር ላይ ግንባር የሚለካ መሣሪያ ይቆማል። ያለ ማስክ የሚገባ የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ? አውቶቡሱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ሲሄድ ዝም ይባላል፤ ገበያው ይተራመሳል፤ የኔ ቤት ሲሆን ነው በሽታው የሚታወሰው?"

"አውቶቡሱም ልክ አይደለም። ግን ሰው ከአውቶቡስ በሩብ ሰዓት ይወርዳል፤ መስኮትም ይከፍታል። ገበያውም ሰማይ ነው ጣሪያው። እርስዎ ጋ ሁለት ሰዓት ተኩል አንድ ቦታ ተቀምጦ ይስቃል፣ ይጮኻል። የፈቀዱትም ግዴታ ክፈቱ አላሉም። ሌላው ሰው ስላጠፋ እኛ ብንጨምርበት ጥፋቱ ይካፈላል እንዴ?"

"ግንባሩ የሞቀውን እመልሰዋለሁ።"

"እኛ ጋ ከተኙት ስንቱ ግንባሩ ሳይሞቅ ሦስት ቀን ሲዞር የከረመ መሰለዎት!"

"ዕድሜ የሚሰጠውም የሚነሣውም አንድ ፈጣሪ ነው" አለ ጋሼ መብራት። ክርክር ሲጠብበት ብዙ ሰው የሚገባበት በር ይህ ነው።

ነርሷ አንገቷን ዝቅ አደረገች። "እሱ እውነት ነው። ሌሊት ሌሊት የምጸልየውም ወደ እሱ ነው። ነገር ግን ጣሪያዎ ሲያፈስ 'ዝናብ የፈጣሪ ነው' ብለው ይተኛሉ? መሰላል ያወጣሉ። መሰላሉን ያስተዋለ አእምሮም የእሱ ስጦታ ነው። አደራውን ሳንጠቀምበት ብንመልስለት ምን ይለናል?"

የተማረ ልጅ ሽማግሌን ሲመክር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ያወቀውን በራሱ ላይ መድፋት ነው፤ የተደፋበት ሰው ይሸሻል። ሁለተኛው ጠይቆ ሽማግሌውን ራሱን ማስመስከር ነው። ነርሷ ትዕግሥትን የተማረችው በአልጋ ዳር ነውና ሁለተኛውን መረጠች።

"ለመሆኑ አዳራሽዎ አየር የሚያገኘው በየት በኩል ነው?"

ጋሼ መብራት ደረቱን ነፋ። ማውራት የሚወደውን ነገር ጠየቀችው።

"የኔ አዳራሽ? መርፌ የምታህል ብርሃን አትገባበትም! ምሥጢሩን ልንገርሽ። ድሮ ከላይ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ የአየር ቀዳዳዎች ነበሩ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ልብ የሚሰብር ፊልም አሳያለሁ፤ እናቲቱ ልጇን እየመረቀች ልትሞት ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ፀሐይ በአንደኛዋ ቀዳዳ ገብታ አፍንጫዋ ላይ አታርፍ መሰለሽ! አፍንጫዋ ብቻውን ቦግ አለ። አንዱ ከኋላ 'በመብራት ነው የምትሞተው!' ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በነጋታው ዘጠኙንም በአሮጌ ምንጣፍ ወትፌ፣ ጣውላ መትቼ፣ ጥቁር ቀባኋቸው። ከዚያ ወዲህ በኔ ቤት በሞት የሳቀ የለም።"

ነርሷ ፈገግ ብላ ሰማችው። ቆይታም "ሊያሳዩኝ ይችላሉ?" አለች። "ጨለማውን ማየት እፈልጋለሁ። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

ማን እምቢ ይላል! ጋሼ መብራት በፍጥነት ወደ ማሳያ ክፍሉ ወጣ። ፕሮጀክተሩን ያለ ፊልም አበራው። ከትንሿ መስኮት የወጣው ነጭ ብርሃን እንደ ጥሩንባ አፍ እየሰፋ ሄዶ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ወርዶ "እንዴት ነው?" ሲል ድምፁ የሙሽራ አባት ይመስል ነበር።

"ያምራል" አለች ከበሩ። "አሁን ደግሞ ከፊተኛው ረድፍ አንዱን ወንበር በእጅዎ ደብደብ ያድርጉልኝ።"

"ለምን?"

"እንዲያዩ ነው።"

ክሎሪኑ ከላይ እንጂ ከስፖንጁ አልደረሰም ኖሯል፤ ወንበሩን ሦስት ጊዜ ሲመታው የሰባት ወር አቧራ ቡን ብሎ ወጣ። ወደ ብርሃኑ ሲገባ እያንዳንዷ ብናኝ ተለይታ ታየች። ጋሼ መብራት ይህን አቧራ ያውቀዋል፤ ወጣት ሳለ ከብርሃኑ ውስጥ ሲጨፍር እያየ ፊልሙን የሚረሳበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ሌላ ነገር ሊነግረው እንደሚችል ግን አስቦ አያውቅም።

"አሁን እንጠብቅ" አለች ነርሷ።

"እስከ መቼ?"

"እስኪወጣ።"

ጋሼ መብራት ሰዓት አያስርም፤ ጊዜን የሚቆጥረው በጥቅል ነው። የድሮው ፊልም በጥቅል ሲመጣ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄድ ነበርና፣ ማሽኑ ቢለወጥም ቆጠራው በደሙ ቀርቷል። ሩብ ጥቅል አለፈ። አቧራው ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቶ መሀል አዳራሽ ደረሰ። ግማሽ ጥቅል። ጋሼ መብራት ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። አቧራው ከላይ ከብርሃኑ ውስጥ ቆሟል። አይወርድም፤ አይወጣም። መውጫ ያጣ ሰው ይመስል ከግድግዳ ግድግዳ ይላል።

"አቧራው በሽታው አይደለም ጋሼ" አለች ነርሷ በቀስታ። "ምሳሌ ነው። ከሳቀ ሰው አፍ የሚወጣው ከዚህም ይደቃል፤ አይታይምም። ፊት ረድፍ ላይ አንዱ ቢይዘው፣ መሀል ያለው ይተነፍሰዋል። በግማሽ ሰው ቢሞሉትም አየሩ ያው አንድ ነው።"

ያን ጊዜ በሩ ተንቋቋና አንዲት ሴት የሚታጠፍ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ነርሷ መንገድ ለቀቀችላቸው።

እትዬ ቁራጭ ናቸው። ይህን ስም ያወጣላቸውም ሰፈሩ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት በሩ ላይ ቲኬት እየቀደዱ ቁራጩን ሲሰጡ ከርመዋልና። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አስም አለባቸው። ወንበሩ የሥራ ወንበራቸው ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርሃን ይገባል ተብሎ በጋሼ መብራት ትእዛዝ የሚቀመጡት ከበሩ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ እስኪያልቅም ከዚያ አይነሡም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሳትጠራኝ ልትጀምር ነው?" አሉ። "ወንበሬን አዲስ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ቅዳሜ አምሬ ነው የምጠብቀው።" ወንበሩን ከቦታው ዘርግተው ቁጭ አሉ። ወዲያው አስነጠሱ። ቀጥሎ ሳል ያዛቸው። "ከየት መጣ ይሄ አቧራ? እኔ እዚህ ጋ በጠዋት ጠርጌያለሁ እኮ!"

ወንበሩ የተመታው ፊት ነው። እሳቸው የተቀመጡት ከሃያ ሁለተኛው ረድፍ ጀርባ ነው።

ሳሉ አላቆም አላቸው። ከጉያቸው የአስም መድኃኒታቸውን አውጥተው ሁለቴ ሳቡ። ጋሼ መብራት ሮጦ ሄዶ ሊደግፋቸው ሲል ነርሷ በእጇ ከለከለችው፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወንበራቸውን ወደ ደጅ አወጣችላቸው። ሲረጋጉ ዓይናቸውን ጠርገው ሳቁ።

"ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩ። ሞት ራሱ ቢመጣ ቲኬቱን ቀድጄ ነው የማስገባው!"

እትዬ ቁራጭ ይህን የተናገሩት ለቀልድ ነው። ጋሼ መብራት ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም። ሰሌዳውን ሲሰካ የታየው ሰልፍ ነበር፤ ቁጥር ነበር፤ የሞላ አዳራሽ ነበር። አሁን የታየው አንድ የሚታጠፍ ወንበር ነው። በስምንት ትዕይንት፣ ስምንት ጊዜ የሌላ ሰው ትንፋሽ ወደዚያ ወንበር ሲመጣ ታየው። ወንበሩንም እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ነው።

ከእትዬ ቁራጭ ራቅ ብሎ ነርሷን በሹክሹክታ ጠየቃት። "እንደ እሳቸው ያለ ሰው… ቢይዘውስ?"

ነርሷ ቁጥር አልነገረችውም። "ትናንት ማታ አንዲት እናት በጣታቸው ምልክት እያሳዩኝ ነው ያደሩት" አለችው። "ውሃ ሲፈልጉ አንድ ጣት፣ ልጃቸው እንዲጠራ ሲፈልጉ ሁለት። ትንፋሻቸውን ለቃል ማባከን ስላልቻሉ ነው። ሁለቱን ጣት እያየሁ ልጃቸውን ማስገባት አልቻልኩም።"

ጋሼ መብራት እንደገና ተናደደ፤ አሁን ግን ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ አላወቀም።

"ታዲያ እስከ መቼ? ሰው በፍርሃት ብቻ ይኖራል? ሳቅም መድኃኒት ነው እኮ! ይህ ቤት ከተዘጋ ሰው የት ሄዶ ይሳቅ?"

"እኔም ሳቅ ናፍቆኛል" አለች ነርሷ። "እዚህ ቤት ከአባቴ ጋር ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ለዘላለም ይዘጋ አላልኩም ጋሼ። ይተንፍስ ነው ያልኩት። ፊልም ቢዘገይ አይሞትም። ሰው ግን…" አልጨረሰችውም።

ጋሼ መብራት አንጋጦ የተወተፉትን ዘጠኝ ቀዳዳዎች ተመለከተ።

"ብከፍታቸው ያ አፍንጫ ተመልሶ ይበራል" አለ በሐዘን። ወዲያው ግን ዓይኑ ቆም አለ። ዕድሜውን በሙሉ ብርሃንን ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። "ቆይ ቆይ… ብርሃን እኮ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ አይሄድም። አየር ግን ይታጠፋል! እንደ ክርን የታጠፈ ሳጥን ከጣውላ ሠርቼ፣ ውስጡን ጥቁር ቀብቼ ቀዳዳው ላይ ብገጥምለት… አየሩ ይገባል፤ ፀሐይ እዚያው ትቀራለች!"

"ይኸውልዎት!" አለች ነርሷ። "ይህን እኔ መቼም አላስበውም ነበር። እሱ ላይ የሚስብ ማራገቢያ ይጨምሩበት።"

"ሃያ ሁለት ዓመት!" ብሎ ግንባሩን መታ። "በአንድ አፍንጫ ምክንያት ሃያ ሁለት ዓመት አፈንኩት!"

እዚያው ቆሞ ለአከፋፋዩ ደወለ። የሰውየው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ደጅ ድረስ ይሰማል።

"ቀለድክ እንዴ? ትናንት እከፍታለሁ ብለህ!"

"ትናንት አቧራውን አላየሁትም ነበር።"

"የምን አቧራ? ስማ፣ ፊልሙን ለሌላው እሰጣለሁ፤ ትቆጭበታለህ!"

"ልቆጭ" አለ ጋሼ መብራት። "ቁጭት ትንፋሽ አያሳጥርም።"

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። እትዬ ቁራጭ ከደጅ ወንበራቸው ላይ ሆነው "እኔን ምክንያት አድርገህ ነው?" ብለው አኮረፉ።

"እርስዎን አይደለም እትዬ። ሞት ቲኬት ከቆረጠ ገንዘቡን መመለስ ስለማንችል ነው።"

እትዬ ቁራጭ ሊስቁም ሊያኮርፉም አማራቸው፤ ሳቁ አሸነፈ።

ቅዳሜ በማለዳ ወሬው ያልደረሳቸው ወጣቶች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ጋሼ መብራት መሰላሉን ይዞ ወጣ። ሐሙስ የሰካቸውን ፊደሎች ሰው እያየው አንድ በአንድ ነቀለ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ "ጋሼ መብራት ፈሩ!" ብሎ ጮኸ።

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አለ ከመሰላሉ ላይ። "ለናንተ ነው የፈራሁት። ልጆቼ፣ ትናንት ከትናንት ወዲያ እኔም እንደናንተ ስከራከር ነበር። ፈቃድ አለኝ፣ ማስክ አለኝ፣ ክሎሪን አለኝ እያልኩ። ገብቼ ሳየው ለካ አየር የለኝም። ዛሬ ባስገባችሁ እናንተ ስቃችሁ ትወጣላችሁ፤ በሽታውን ግን ለእናታችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ብትታገሡኝ ቤቱን አስተነፍሰዋለሁ። ያን ጊዜ ራስ ምታት ሳይዛችሁ፣ አያቶቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሁላችንም አለን ማለት ከየትኛውም ፊልም የበለጠ ደስ ይላል።"

ጥቂቶቹ አጉረመረሙ፤ ሁለቱ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱ። አንደኛው ግን ቀረና "ጣውላ መሸከም እችላለሁ" አለ። ለሰሌዳው ያሉት ፊደሎች ጥቂት ስለነበሩ ጋሼ መብራት የጻፈው አጭር ነው፦ "ፊልም ቢዘገይ አይሞትም። ሳንጎድል እንገናኝ።"

በዚያኛው አዳራሽ የሆነውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ በሰው ጉዳት ልክ ነበርኩ ማለት ነውር ነው። የዚህኛው ግን ሊነገር ይገባዋል። ምንጣፎቹ ሲነቀሉ ሃያ ሁለት ዓመት የታመቀ ሽታ አብሮ ወጣ። ዘጠኙ የታጠፉ ሳጥኖች ተገጠሙ፤ ማራገቢያው ተሰቀለ። የእትዬ ቁራጭ ወንበር ከውስጥ ወደ በረንዳው ተዛወረ፤ በሩ ላይም ብርሃን እንዳይገባ ድርብ መጋረጃ ተንጠለጠለ። "ሃያ ስምንት ዓመት ፊልም ሳይሆን ጀርባችሁን ሳይ ነበር፤ አሁን ቢያንስ መንገዱን አያለሁ" አሉ እትዬ ቁራጭ።

የበሽታው ጉልበት ተሰብሮ ሲኒማ ቤቱ የተከፈተው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ፊልሙ ያው ነበር፤ ዓለም አይቶ ጨርሶት አርጅቷል። ሰው ግን በመሀሉ አንድ አንድ ወንበር እየተወ ተቀመጠ፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በልጆቻቸው ክንድ የመጡ። ነርሷ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። በፊልሙ አጋማሽ አንድ ሰው ሞተ፤ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። የማንም አፍንጫ አልበራም።

ጋሼ መብራት ግን ስክሪኑን አላየም። ከማሳያ ክፍሉ መስኮት የሚያየው ብርሃኑን ነበር። አቧራው አለ፤ አቧራ የሌለበት ቤት የለም። ግን ቆሞ አልነበረም። ቀስ እያለ፣ አንዱ ብናኝ ሌላውን እየተከተለ፣ ወደ ዘጠኙ ቀዳዳዎች ይሄድ ነበር። ጋሼ መብራት አንድ ጥቅል ሙሉ ቆጠረ። ከዚያ፣ ከዓመት በላይ ሲመላለስ የከረመው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ረግቶ ተቀመጠ።